ስለ በዓለ ዘውድ፦ መሐላው ይቅደም፥ ማዕዱ ይከተል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጥቅምት 23 ቀን በደረሰ ቁጥር በምእመናን መካከል የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ይህች ዕለት ልትታሰብና ልትከበር ይገባታልን? ወይስ ከታሪክ መዝገብ በቀር ሌላ ስፍራ ሊሰጣት አይገባም? የሚል ነው። ነገሩ በአገር ቤት ባሉት ብቻ ሳይወሰን ባሕር ተሻግረው በሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም ዘንድ ይሰማል። በዓሉ በመንግሥት ዐዋጅ መከበሩ ከቀረ ከግማሽ ምእት ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ቢያልፍም ክርክሩ ገና አልበረደም፤ እንዲያውም ዘመኑን በዐይናቸው ያላዩት ልጆች ካዩት ሽማግሎች ይልቅ ሲጋጋሉበት ይታያል።

ካህን ስለዚህ ነገር በተጠየቀ ጊዜ ወይ ዝም ማለት፥ ወይ ከአንዱ ወገን ተሰልፎ መጮኽ ይቀናዋል። ሁለቱም አያስመሰግኑም። ንጉሡን የቀባችው ቤተ ክርስቲያን ናትና፥ ቅብዐቱ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ የማስተማር ዕዳ የእርስዋ ነው። የሐኪም መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ ሐኪሙ ካልተናገረ ማን ይናገራል?

ይልቁንም ይህ ትምህርት የሚጻፍባት አገር ባቲ ናት። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የወሎ ከተማ ስትሆን፥ ዛሬ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ትገኛለች። በሰኞ ገበያዋ ደገኛው እህሉን፥ አፋሩ ግመሉንና ጨውን ይዞ ይገናኝባታል፤ አማርኛው፥ ኦሮምኛውና አፋርኛው በአንድ አደባባይ ይሰማባታል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሚዛን ይገበያይባታል። ይህች ከተማ በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ረኃብተኛ ከተጠለለባቸው ስፍራዎች አንዲቱ ነበረች። ስለዚህ በሌላ ስፍራ የታሪክ ጨዋታ የሚመስለው የንጉሥ ማዕድ ነገር፥ በባቲ የመቃብር ነገር ነው። ስለ ግብርና ስለ ድግስ የሚናገር ሰው በዚህ አገር ቃሉን መዝኖ ሊናገር ይገባዋል።

፩. ሁለቱ ወገኖች የሚሉት

በዓሉ ሊታሰብ ይገባል የሚሉት ሦስት ነገር ያቀርባሉ።

መጀመሪያ የሚያነሡት የቀኑን ክብር ነው። እሑድ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፥ ንጉሠ ነገሥቱ በጳጳሱ በአቡነ ቄርሎስ እጅ ተቀብተው ዘውድ ጫኑ፤ እቴጌ መነንም በዚያው ዕለት የዘውድ ክብር ተቀበሉ። ከእንግሊዝ የንጉሡ ልጅ የግሎስተር መስፍን፥ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፥ ከኢጣልያ የኡዲኔ መስፍን፥ ከሌሎችም መንግሥታት ብዙ መልእክተኞች መጥተው ነበር። በዚያ ጊዜ አፍሪካ ከጥቂት ስፍራ በቀር በባዕድ እጅ ነበረች። ኢትዮጵያ ግን በ1916 ዓ.ም. በዓለም መንግሥታት ማኅበር ገብታ፥ ከሰባት ዓመት በኋላ የኃያላኑን መልእክተኞች በገዛ ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ተቀበለች። ይህ ነገር በሩቅ አገር ላለው ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የደስታ ወሬ እንደ ነበረ የሚካድ አይደለም።

ሁለተኛው፥ በዓሉ ከሥራ ጋራ የተያያዘ ነበር ይላሉ። ዘውድ በተጫነበት ዓመት፥ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው በጽሑፍ የተዘጋጀ ሕገ መንግሥት ተፈርሟል፤ ሃያ አምስተኛው ዓመት በ1948 ዓ.ም. በብር ኢዮቤልዩ ሲከበርም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታውጇል።

ሦስተኛው፥ ሥርዐተ ንግሡ የአባቶች ቅርስ ነው፤ እርሱን መርሳት አባቶችን መናቅ ነው የሚል ነው።

አይገባም የሚሉትም ሦስት ነገር ያቀርባሉ።

መጀመሪያ የሚያነሡት ወጪውን ነው። ለጌጡ፥ ለርችቱ፥ ለግብሩ የወጣው ገንዘብ የገበሬው ወዝ ነው፤ በበዓሉ የተቀመጡት መንግሥታትም ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ለችግራችን አልደረሱልንም፤ የወረረንም ከተጋባዦቹ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ መስተንግዶ ምን ጠቀመ? ይላሉ።

ሁለተኛው፥ በየዓመቱ የሚመላለስ የንጉሥ በዓል ውዳሴ ከንቱን ያስተምራል፤ ሹም ሁሉ እውነትን ከመናገር ይልቅ ቅኔ ማሳመርን፥ ጉድለትን ከመግለጥ ይልቅ ቀስተ ደመና የመሰለ ጨርቅ መዘርጋትን ይለምዳል የሚል ነው።

ሦስተኛው፥ ዙፋኑ የሁሉ ሲሆን በዓሉ የሁሉ አልነበረም የሚል ነው። ይህ በባቲ ላይ የሚመዝን ቃል ነው። በዚያ ሥርዐት የሙስሊሙ ወገናችን በዓላት በመንግሥት ዘንድ ታውቀው የሚከበሩ አልነበሩም፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፥ ከእነርሱም ጋራ ብዙ ክርስቲያኖች፥ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው ከጠየቁ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ታወቁላቸው። ስለዚህ የዘውዱን በዓል እንዲያከብር ይጠበቅበት የነበረው ሰው የራሱ በዓል አልታወቀለትም ነበር ይላሉ።

አስተዋይ ሰው በሁለቱም ወገን እውነት እንዳለ ያያል። ሁለቱን የሚያስታርቅ መካከለኛ ቃል ፈልጎ ሁሉን ማስደሰት ግን የመምህር ሥራ አይደለም። ነገሩን ወደ መጽሐፍ ማቅረብ ይገባል።

፪. መጽሐፍ የሚመሰክረው

ስለ ንጉሥ በዓል መከራከር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ በነገሠበት ቀን የተጀመረ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 10 እንደ ተጻፈው፥ ሳኦል በሕዝቡ ፊት በቆመ ጊዜ አብዛኛው እልል ብሎ ንጉሡ እንዲኖር መረቀ፤ ጥቂቶች ግን ይህ እንዴት ሊያድነን ይችላል ብለው ናቁት፤ እጅ መንሻም አላመጡለትም። ሳኦልም እንዳልሰማ ሆነ። ከዚህ በኋላ ኢያቢስ ገለዓድን ከአሞናውያን እጅ ባዳነ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጥተው እነዚያ የናቁት ሰዎች ይገደሉ አሉ። ሳኦል ግን እግዚአብሔር ለእስራኤል መድኃኒት ባደረገበት ቀን ማንም እንዳይሞት ከለከለ፤ ያን ጊዜ ወደ ጌልገላ ወርደው መንግሥቱን አደሱ፥ ታላቅ ደስታም አደረጉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የተገፋ ከተማ ከዳነ በኋላ የተደረገው ደስታ ያለ ነቀፋ ተጻፈ፤ ደስታ ማዳንን ተከተለ እንጂ አልቀደመም። ሁለተኛው፥ ሳኦል በዘመኑ ካደረገው ሁሉ የሚያስመሰግነው፥ በዓሉን ያላከበሩትን ሰዎች በበዓሉ ቀን ማዳኑ ነው። እንግዲህ ዛሬ ስለ ንጉሥ በዓል የሚከራከሩ ወንድሞች አንዱ ሌላውን አገር የጠላ፥ ሌላውም አንዱን ድኻ የጠላ ብለው ሲወጋገዙ ባየን ጊዜ፥ ከሳኦል ትዕግሥት እንኳ ማነሳችንን እናስብ።

በመጽሐፈ ነገሥት በሰሎሞን ንግሥ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ትምህርት አለ። ዳዊት በሸመገለ ጊዜ ሁለት ልጆቹ ለመንግሥት ታዩ። አዶንያስ በዓይንሮጌል በግና በሬ አርዶ፥ ሹማምንቱን ጠርቶ ታላቅ ድግስ ደገሰ፤ ገና ሳይቀባ ሕይወት ይሁንልህ ተባለ። ሰሎሞን ግን በአባቱ በቅሎ ተቀምጦ ወደ ግዮን ወረደ፤ ካህኑ ሳዶቅም የዘይቱን ቀንድ ከድንኳኑ አምጥቶ ቀባው። ድግሱ የአዶንያስ ነበረ፤ ቅብዐቱ የሰሎሞን ነበረ። የአዶንያስ እንግዶች የቀንደ መለከቱን ድምፅ በሰሙ ጊዜ ማዕዱን ትተው ተበተኑ። ሕዝቡ ከሰሎሞን በኋላ እየዘፈነ በታላቅ ደስታ ቢወጣም፥ ደስታው ቅብዐቱን ተከትሎ መጣ እንጂ በቅብዐቱ ስፍራ አልተተካም። ማዕድ ብቻውን ንጉሥ እንደማያደርግ፥ ቅብዐትም ያለ ማዕድ ሙሉ እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል።

በሦስተኛው በኢዮአስ ንግሥ፥ ካህኑ ዮዳሄ ዘውዱን በሕፃኑ ራስ ላይ ባኖረ ጊዜ የምስክሩን መጽሐፍ አብሮ ሰጠው፤ ከዚያም በእግዚአብሔር፥ በንጉሡና በሕዝቡ መካከል ቃል ኪዳን አደረገ። በዚህ ስፍራ ተዋዋዮቹ ሦስት ናቸው። ሕዝቡ ተመልካች አይደለም፤ ባለ ውል ነው። የውል ቀን የሚታሰበው ደግሞ ውሉ እንዲታወስና እንዲጠበቅ ነው። ያበደረ ሰው ቀኑን ያስባል፤ የተበደረም ቢታመን ያስባል።

በክፉ የተጻፈ የንጉሥ በዓልም አለ። ነቢዩ ሆሴዕ በምዕራፍ 7 ላይ በንጉሡ ቀን ሹማምንቱ በወይን ጠጅ ትኵሳት እንደ ታመሙ ይናገራል፤ የበዓሉን መኖር ሳይሆን በበዓሉ መስከራቸውን ይከሳል። ሄሮድስም በተወለደበት ቀን ግብር አግብቶ በዚያ ማዕድ ላይ የመጥምቁን ራስ በወጭት አስመጣ። በወጭቱ ላይ ሥጋ ሲቀርብ የማን ሥጋ እንደ ሆነ የማይጠይቅ ንጉሥ ከሄሮድስ ጋራ ይቈጠራል።

፫. የአባቶች ሥርዐት

የኢትዮጵያ ሥርዐተ ንግሥ ከዚህ መጽሐፍ የወጣ ነው። በጥንት ዘመን ነገሥታት በአክሱም ሲነግሡ፥ የጽዮን ደናግል በመንገድ ላይ ገመድ ዘርግተው ንጉሡን ማን ነህ? ብለው ይጠይቁት ነበር፤ እርሱም መልሶ፥ በመጨረሻ ገመዱን በሰይፉ ቆርጦ ያልፋል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል፥ ኋላም ዐፄ ሱስንዮስ በአክሱም በነገሡ ጊዜ ይህ ሥርዐት መፈጸሙ በዜና መዋዕላቸው ይነገራል። ሥርዐቱ ለጨዋታ የተደረገ አይምሰለን። ከሠራዊቱ ጋራ የመጣው ኃያል በልጃገረዶች ፊት ቆሞ እንዲጠየቅ፥ ሳይመልስም ወደ መቅደሱ እንዳይገባ የሚያደርግ ነው። አባቶቻችን ንጉሥን ያከበሩት ከመጠየቅ በማዳን ሳይሆን በመጠየቅ ነበር።

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 44 ስለ ነገሥታት ሲናገር የኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 17 ይከተላል። በዚያ እንደ ታዘዘው ንጉሥ ፈረስን፥ ሚስቶችን፥ ብርና ወርቅን ለራሱ እንዳያበዛ፥ ሕጉንም ለራሱ ጽፎ በዕድሜው ሁሉ እንዲያነብ፥ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይኰራ ነው። ሕጉ የንጉሡን ሕዝብ ወንድሞቹ ይላቸዋል። ወንድሙ ሲራብ የሚጠግብ ሰው ዘውድ ቢጭን ባይጭን በዚህ ሕግ ፊት አንድ ነው።

በ1923 ዓ.ም. በተፈጸመው ሥርዐትም ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል። አስቀድሞ ካህናት ሌሊትና ቀን ጸሎት አደረሱ፤ ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ሃይማኖትን ለመጠበቅና ሕዝብን በፍትሕ ለማስተዳደር ቃል ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ሰይፉን፥ በትረ መንግሥቱንና ሌላውን የመንግሥት ምልክት ተቀብለው፥ ተቀብተው ዘውዱን ጫኑ፤ ግብሩ በመጨረሻ መጣ። በ1948 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥትም ዘውድ የሚጭን ንጉሠ ነገሥት የሚምለው መሐላ በአንቀጽ ተጽፎ ነበር። ስለዚህ የበዓሉ መሠረት መሐላው ነው፤ ድግሱ የጣራው ጉልላት ነው። ጉልላቱን ብቻ አይቶ ቤቱን የሚያደንቅም፥ ጉልላቱን ብቻ አይቶ ቤቱን የሚነቅፍም ሁለቱም መሠረቱን አላዩም።

ቅብዐቱስ ምንድን ነው? ቢሉ፥ ዘይት ሦስት ግብር አለው። አንድም ለመብራት ነው፤ በጨለማ ለተገፋው ንጉሥ የፍርድ ብርሃን ይሆንለት ዘንድ። አንድም ለቍስል ነው፤ ደጉ ሳምራዊ በቆሰለው ሰው ላይ ዘይት እንዳፈሰሰ፥ ንጉሥም የወደቀውን ያነሣ ዘንድ። አንድም ለማዕድ ነው፤ የሰራፕታዋ መበለት ማሰሮ በረኃብ ዘመን እንዳልጐደለ፥ በንጉሡ ዘመን የመበለቲቱ ማሰሮ እንዳይደርቅ ይጠብቅ ዘንድ። እንግዲህ ተቀብቶ የድኻው ማሰሮ ሲደርቅ ዝም ያለ ንጉሥ፥ የተቀባበትን ዘይት ምክንያት ረስቷል።

ቤተ ክርስቲያንም ከቀባች በኋላ ሥራዋ አላለቀም። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በቊስጥንጥንያ የንግሥት አውዶክስያ የብር ሐውልት በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሞ በጭፈራ በተመረቀ ጊዜ ዝም አላለም፤ ስለ መበለቲቱም ርስት ንግሥቲቱን ገሥጿታል፤ በዚህም ተሰደደ። በእኛም አገር በዐፄ ዐምደ ጽዮንና በዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን አቡነ ፊልጶስ ዘደብረ ሊባኖስ፥ አቡነ አኖሬዎስና አቡነ በጸሎተ ሚካኤል ነገሥታቱ ከሕግ በወጡ ጊዜ ገሥጸው መገረፍንና መሰደድን ተቀብለዋል። እነዚህን አባቶች በስንክሳር እያነበብን በበዓላቸው ቀን የምንዘምር እኛ፥ ንጉሥን መውደድና ንጉሥን መገሠጽ አንድ ሥራ መሆኑን ከእነርሱ እንማር።

፬. የወሎ ምስክርነት

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። ወሎ ስለ ዘውድና ስለ ማዕድ ከማንም ይልቅ ልትመሰክር ትችላለች።

ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በደሴ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተማረኩ። ዘውዱ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላም። ከንጉሥ ሚካኤል ክብር እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ ያለው፥ በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስም ነው፤ አይጠየፍ ይባላል። ድኻና ባለጸጋ፥ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይለይ ሁሉን ይቀበላል ማለት ነው ተብሎ ይተረጐማል። ዘውዱ ሄደ፤ የማዕዱ ስም ቀረ። የንጉሥ ማዕድ መመዘኛ ይህ ቃል ሊሆን ይገባዋል፦ አይጠየፍ።

ዐፄ ምኒልክም በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ያ ዘመን ከብት በበሽታ ያለቀበት፥ ሰው በረኃብ የረገፈበት፥ አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ዘመን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጐተራቸውን ከፍተው እንደ መጸወቱ፥ በሬ በጠፋም ጊዜ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቈፈሩ መኳንንቱን እንዳስተማሩ በታሪክ ይነገራል። ስለዚህ ክፉ ቀንን የሚያስብ ሰው ዘውዳቸውን ከዶማቸው ለይቶ አያስብም።

በኋለኛው ዘመን ግን ነገሩ ተለወጠ። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ሰማንያኛ የልደት በዓል በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ተከበረ። በተከተለው ዓመት በወሎ ድርቅ ጸንቶ፥ አፋሩ ከብቱን ጨርሶ፥ ገበሬው ዘሩን በልቶ ወደ መንገድ ዳር ወጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ እስኪያሳዩና የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ እስኪታይ ድረስ፥ መከራው እንደ ክብደቱ አልተነገረም። ሹማምንቱ በዓሉን ማሳመር ለምደው ነበርና፥ በዓሉን የሚያበላሽ ወሬ ማቅረብ ከባድ ሆነባቸው። ከላይ ሁለተኛው ነቀፋ ያልነው የውዳሴ ከንቱ ነገር በዚህ ስፍራ ሰው ገደለ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያ ፊልም የቤተ መንግሥቱን ግብርና ድግስ ከሚያሳይ ሥዕል ጋራ ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያን ሌሊት ያየው ሰው ሁሉ የወሎ ረኃብተኛ ከዚህ በኋላ በድግስ እንደማይረሳ አመነ።

ነገር ግን ዐሥር ዓመት ሳይጨመርበት ምን ሆነ? በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የረኃቡን መጽናት ለዓለም ተናገረ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ግን መንግሥቱ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመትና የፓርቲውን ምሥረታ በከተማው ሁሉ በጌጥ፥ በሰልፍ፥ በትግላችን ሐውልት ምረቃ አከበረ። የኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ የበዓሉ ዝግጅት የረኃቡን ነገር እንዴት እንደ ሸፈነው መስክረዋል። በዓሉ በሚከበርበት ወራት የወሎ ሰው ወደ ቆረምና ወደ ባቲ እየጐረፈ፥ በብርድ ሌሊት በሜዳ እያደረ፥ በየማለዳው ሬሳ ይነሣ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። በ1967 ዓ.ም. ንጉሡን በድግሱ የከሰሱት በ1977 ዓ.ም. ራሳቸው ደገሱ። ዘውዱ ቢወርድ ማዕዱ አልተለወጠም። እንግዲህ በሽታው በዘውዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘውዱ ሲወርድ በዳነ ነበር። በሽታው ግን ድኻው በደጅ ሳለ ደጁን ዘግቶ የራስን ስም በማክበር ላይ ነው፤ ዘውድ የጫነም፥ ቆብ የደፋም፥ ባዶ ራሱን የቆመም ሊታመምበት ይችላል።

፭. ከውጭ የሚታይ ምሳሌ

በሌላው ዓለምም ይህ ክርክር አለ። ሚያዝያ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ሣልሳዊ ቻርልስ በለንደን በዌስትሚንስተር ዘውድ ጫኑ። በኢየሩሳሌም የተባረከ ዘይት ተቀቡ፤ የተቀቡበትም ጊዜ በመጋረጃ ተሸፍኖ ለሕዝብ አልታየም። ብዙዎች በደስታ አከበሩ፤ ሌሎች ንጉሤ አይደለም የሚል ጽሑፍ ይዘው በመንገድ ዳር ቆሙ፤ ከእነርሱም የታሰሩ ነበሩ። መንግሥቱ በኋላ ያወጣው ወጪ 72 ሚሊዮን ፓውንድ መሆኑን ራሱ ሲገልጥ ክርክሩ እንደ ገና ተነሣ። ሂሳቡ በአደባባይ መነገሩ መልካም ነው፤ ሕዝብ የከፈለውን ሕዝብ ሊያውቅ ይገባዋልና። ያላከበሩትን በማሰር በኩል ግን የሳኦል ምሳሌ አልተጠበቀም።

በሌላ ወገን ደግሞ ከመጠን ያለፈ ማክበር አለ። በሻሸመኔና በጃማይካ ያሉ የራስ ተፈሪ ተከታዮች ጥቅምት 23 ቀንን በየዓመቱ ያከብራሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱንም ከሰው በላይ አድርገው ያያሉ። ለጥቁር ሕዝብ ክብር የተነሣውን ፍቅራቸውን አንንቅም። ነገር ግን የተቀባ ሰው ቀቢ ያለው ሰው ነው፤ ቀቢ ያለው ደግሞ አምላክ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይህን አስበው አባ ላእከ ማርያምን፥ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን፥ ወደ ጃማይካ ልከው ቤተ ክርስቲያን እንድትመሠረት አደረጉ። ለንጉሥ የሚሰጥ ከሁሉ የሚበልጥ ክብር ስለ እርሱ መጸለይ ነው፤ ለአምላክ ግን አይጸለይለትም።

፮. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ዕለቱ ይታሰብን?
መልስ፦ የመሐላ ቀን ሆኖ ይታሰብ። ምን ተማለ? ምን ተጠበቀ? ምን ጐደለ? ብሎ የሚጠይቅ መታሰቢያ ለወዳጅም ለነቃፊም ይጠቅማል። ያለዚህ ጥያቄ የሚደረግ ማክበር የአዶንያስ ድግስ ነው፤ ያለዚህ ጥያቄ የሚደረግ መንቀፍም በ1967 ዓ.ም. እንዳየነው ነቃፊውን ከዚያው በሽታ አያድነውም።

ጥያቄ፦ በምን ሥርዐት ይታሰብ?
መልስ፦ በጸሎትና በምጽዋት። ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ ያለ ፍትሐት በስውር ተቀበሩ፤ ዐፅማቸው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በባቲ ሜዳ የወደቁትም ብዙዎቹ ስማቸውን የሚጠራ ሳይኖር በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ንጉሡና ረኃብተኛው በዙፋንና በአመድ ተለያይተው ኖሩ፤ በቀብር ግን ተመሳሰሉ። ስለዚህ ንጉሡን በጸሎት የሚያስብ ካህን በዚያው ጸሎት ስማቸው ያልተጻፈውን የክርስቲያን ሙታን አብሮ ያስብ፤ በሌላ እምነት ሆነው የሞቱትን ለማይሳሳተው ዳኛ ትቶ፥ በሕይወት ላሉት ወገኖቻቸው እጁን ይዘርጋ። አንዱን አስቦ ሌላውን መርሳት ጸሎቱን ጎዶሎ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ማዕድ ይዘጋጅን?
መልስ፦ አይጠየፍ ከሆነ ይዘጋጅ። ባለ ዕዳ ሆኖ የሚደግስ፥ ለታላላቅ ወንበር ለድኻ ደጃፍ የሚሰጥ፥ ሙስሊሙን ጎረቤት በባዕድነት የሚያሳልፍ ማዕድ ከሆነ ግን ቢቀር ይሻላል። ይህም ስለ ንጉሥ በዓል ብቻ የተነገረ አይደለም። ንግሥ የሚለው ቃል ዛሬ በሕዝባችን አፍ ከሁሉ በፊት የታቦት ክብረ በዓል ስም ነው። በዓለ ንግሥ ስናከብር፥ ሰርግ ስንደግስ፥ ተዝካር ስናወጣ፥ በንጉሡ ማዕድ ላይ የፈረድነው ፍርድ በእኛም ማዕድ ላይ እንዲፈረድ እንወቅ። ለታቦቱ ጃንጥላ የገዛ ደብር በደጀ ሰላሙ የተቀመጠውን ነዳይ ቈጥሮ ያውቀዋልን? ንጉሥ የለንም ብለን ከሳሾች ብቻ ሆነን አንቅር፤ እያንዳንዳችን በትንሽ ማዕድ ላይ ተሹመናልና።

ጥያቄ፦ በዚህ ነገር የማይስማማንን ምን እናድርገው?
መልስ፦ ሳኦል እንዳደረገው ታግሠን እንለፈው። አያቱ በዚያ ዘመን የተሾመለትና አያቱ በዚያ ዘመን የተራበበት ሰው አንዱን ቀን በአንድ ዐይን ሊያዩት አይችሉም። በባቲ ገበያ ሁለቱም በአንድ ሚዛን ፊት ይቆማሉ። ካህን ሚዛኑ እንዳያጋድል ይጠብቅ።

ለክርስቲያን ሁሉ የበላይ የሆነ አንድ ዘውድ አለ፤ ጌታችን በቀራንዮ የጫነው የእሾህ አክሊል ነው። በእርሱ ንግሥ ቀን ግብር አልተገባም፤ ንጉሡ ራሱ ማዕድ ሆነ። ሥጋውንና ደሙን ሲሰጥ ቀራጩንና ሽፍታውን፥ ጋለሞታይቱንና ለምጻሙን አልተጠየፈም። የምድር ዘውድ ሁሉ የሚከብረው ወደዚህ ዘውድ በቀረበ መጠን፥ የሚዋረደውም ከዚህ በራቀ መጠን ነው። እግዚአብሔር አምላካችን የአገራችንን መሪዎች መሐላ የሚጠብቁ፥ ካህናቷን እውነት የሚናገሩ፥ ሕዝቧን እርስ በርስ የሚታገሥ ያድርግልን፤ የባቲን ሜዳ ሙታን ከሚያውቃቸው ጋራ ሁሉ በምሕረቱ ያስብልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።